ጋሽ ደምሴ እና የሃን ማኅተም

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ዴን ሃግ ውስጥ፣ ትራም ላይ ቆሜ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። የደወለችልኝ ልጃቸው ራሔል ናት። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ሆላንድኛ ነው፤ አማርኛው ቆይቶ እየተቆራረጠ መጣ። "አባዬ ሶፋው ላይ ነው ያለው። የተኛ መስሎኝ ምሳ ላሞቅለት ገባሁ" አለችኝ። የወረድኩበትን ፌርማታ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ አንድ አበባ መሸጫ መስታወት አዙሬ ማልቀስ ስጀምር፣ ባለ ሱቁ አበባ የምመርጥ መስሎት ወጥቶ ምን ልርዳሽ አለኝ።

ሰው ሲሞት በጎ በጎውን ማውራት ደንባችን ነው። የጋሽ ደምሴን በጎውን ብቻ ካወራሁ ግን ግማሹን ደበቅኩ ማለት ነው፤ የደበቅኩት ደግሞ ለእሳቸው ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነው የሚሆነው። ሰውዬው የሞቱት አንዲት ሴት ይቅር እስክትላቸው እየጠበቁ ነው። እኔም መሐል ላይ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ሳሉ ማኅተም ቀራጭ ነበሩ። አንድ ሰውና አንድ ጠረጴዛ ብቻ በምትይዝ ሱቅ ተቀምጠው የቀበሌውን፣ የእድሩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የደብሩን ማኅተም በናስና በእንጨት ላይ ሲቀርጹ ጎልምሰዋል። ሆላንድ ከመጡ በኋላ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ከሮተርዳም በማለዳ ባቡር እየተመላለሱ ዴን ሃግ ቢሮ ሲያጸዱ ኖሩ። እኔ ያወቅኋቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። ወረቀት ሲሰጧቸው መጀመሪያ ግርጌውን ያያሉ፤ ቀጥሎ ወደ ብርሃን ያዘነብሉታል፤ ከዚያ እፍ ይሉበታል፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ይመስል። የልደት ካርድ ላይም እፍ ሲሉ አይቻለሁ።

"ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ሐሜት ነው" ይሉ ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ማኅተም የሚባል ነገር የለም፤ ደብዳቤው ሁሉ ራቁቱን ነው የሚመጣው። አንድ ክረምት፣ የሕንፃው ማሞቂያ ለጥገና ሁለት ቀን እንደሚዘጋ ወረቀት መጣላቸው። ግርጌውን አዩና ወደ ጎን አስቀመጡት። ቀኑ ሲደርስ ማሞቂያው ተዘጋ፤ እሳቸውም ካፖርትና ባርኔጣ አድርገው ሁለት ቀን ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ። ስንስቅባቸው፣ "ማኅተም ቢያደርጉበት ኖሮ አምናቸው ነበር" አሉ።

ከእሳቸው ሦስት ፎቅ በላይ ሃን የምትባል የቬትናም ሴት ትኖራለች። እኔ ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን መርዳት ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ሃንን ሐኪም ያዘዘላትን የእግር መጭመቂያ ካልሲዋን የማለብሳት እኔ ነኝ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን አንቺ በይኝ ስላለችኝ አንቺ አልኳት። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ፣ "እናትሽን የምታህልን ሴት?" ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ በቅጡ አላናገሩኝም።

ሃን ቡድሂስት ናት። እኔ ከመድረሴ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ፣ መነኮሳቶቻችን እንደሚያደርጉት መቁጠሪያ እያዞረች አንድ ቅዱስ ስም አንድ ሺህ ጊዜ ትጠራለች። ሺው ሲሞላ ትንሽ የእንጨት ማኅተም ቀይ ቀለም ታስነካና፣ በካሬ የተከፋፈለ ወረቀት ላይ አንድ ካሬ ትመታለች። በቃ፣ የዕለቱ ጸሎት ተመዘገበ። የሞሉት ወረቀቶች በጫማ ካርቶኖች ተደርድረው አልጋዋ ሥር አሉ። ለማን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። "ለልጄ። ለሚን። በጀልባ ስንሸሽ ባሕር ወሰደው" አለችኝ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሺህ ትጠራለታለች።

ማኅተሙን የምታስቀምጠው ማሞቂያው ላይ ባለው መደርደሪያ ነው። አንድ ጠዋት ስደርስ በእጇ ይዛው ቆማለች፤ ደርቆ ከዳር እስከ መሐል ተሰንጥቋል። ቢመቱት መሐል ለመሐል ነጭ መስመር ይተዋል። አዲስ የሚቀርጽላት ሰው እንደማታውቅ፣ አሁን የሚሸጠው ጎማ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔም አፌ መቼ ይታገሣል፣ "ከታች እኮ አንድ ማኅተም ቀራጭ አለ" አልኳት።

ሃንን ይዣት ወደ ቤታቸው ወረድኩ፤ ጋሽ ደምሴ ግን ወዲያው እሺ አላሉም። ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው ብዙ አገላበጡት። አራት ፊደላት አሉት፣ ከሥራቸው አንድ አበባ።

"ጣዖት አይደለም?" አሉኝ ቀስ ብለው፣ በአማርኛ።

ሃንን ምን ይላል ብዬ ጠየቅኋት። ባላት ሆላንድኛ፣ ብርሃኑ የማያልቅ የአንዱ ስም ነው፣ የሞቱትን ተቀባይ ነው አለች። ተረጎምኩላቸው።

"ስም ከሆነ እቀርጻለሁ" አሉ ጋሽ ደምሴ። "መልክ ግን አልቀርጽም። አበባው ግድ የለም፤ አበባ የሁሉም ነው።" ለነፍስ አባታቸው እንዳልነገሩ አውቃለሁ። እኔም አልጠየቅሁም።

ሃን "ዜልፍደ" አለቻቸው ጣቷን ማኅተሙ ላይ አድርጋ፤ ተመሳሳይ ማለቷ ነው። "ዜልፍደ" አሉ እሳቸውም። ውላቸው ይህቺው አንዲት ቃል ነበረች።

ሦስት ወር ፈጀባቸው። በጨርቅ ጠቅልለው ከአገር ያመጧቸውን ሰባት መቅረጫዎች አውጥተው ሳሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር የተጠቀለለ ፎጣ ከእጅ አንጓቸው ሥር ያደርጋሉ። በመብራት አይሠሩም፤ ጠዋት ብርሃኑ በመስኮት ሲገባ ይቀመጣሉ፣ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ያቆማሉ። አንድ ጭረት፣ አንዴ እፍ። አሮጌው ማኅተም ፊታቸው ይቀመጣል። ራሔል ዴን ሃግ መሥሪያ ቤት ስላላት የምትመጣው ቅዳሜ ነው፤ እየመጣች ትነተርካቸዋለች።

"አባዬ፣ አንተ ለምን ትደክማለህ? ኸዎን፣ ዝም ብለህ በኢንተርኔት ታዘዋለህ እኮ። በሁለት ቀን በር ላይ ነው።"

"ማሽን መቁረጥ ያውቃል" አሏት። "የቱ ጋ መተው እንዳለበት ግን አያውቅም።"

ሃን አንዳንዴ መንደሪን ይዛ ትወርዳለች፤ መኔር ትላቸዋለች፣ አቶ ማለት ነው። ከጎናቸው ትቀመጥና ዝም ብላ ታያቸዋለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ "ጉት?" ትላቸዋለች፤ ደህና ነው? ለማለት። "ጉት" ይሏታል። አንድ ረቡዕ ራሔል የላከችላቸውን የዶሮ ሾርባ ሊጋብዟት አሰቡና በጾም ቀን እንዴት ብለው ሲያመነቱ፣ እሷም ዛሬ ሥጋ አልበላም፣ በኛ ቀን አቆጣጠር ዛሬ ይከለከላል አለች። ጋሽ ደምሴ ይህን ቅዳሴ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ ሲያወሩ ሰነበቱ። "ይህቺን የመሰለች ጿሚ ስንቶቻችን ነን?" እያሉ። እኔ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

አለቃቸው የነበሩትን ሰው ታሪክ የነገሩኝ በዚያ ሰሞን ነው። ልጅ ሆነው ሙያ ያስተማሯቸው ሰውዬ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ማኅተም ቀርጸው አሮጌውን ሳያጠፉ መለሱ። አንድ ጸሐፊ በአሮጌው የሐሰት ደብዳቤ አተመበት፤ በዚያ ደብዳቤ ንጹሕ ሰው ታሰረ፤ አለቃቸውም ተከተሉ። "ከእስር ሲወጡ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር" አሉኝ። "ከዚያ ወዲህ እኔ አሮጌውን ሳልፍቅ አዲስ ሰጥቼ አላውቅም። ሁለት ማኅተም በአንድ ቤት አያድርም።" ሰማሁ። ደግሜ ግን አላሰብኩበትም።

አንድ ቅዳሜ የክት ልብስ ለብሳችሁ ኑ ብለው እኔንና ራሔልን ጠሩን። ከራቫት አድርገዋል። ጠረጴዛው ላይ አዲሱ ማኅተም፣ አሮጌው ማኅተም፣ ሞረድና በእጃቸው የተጻፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱ፣ አሮጌው ማኅተም በዛሬው ዕለት በፊታችን ተፍቆ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን እናረጋግጣለን ይላል። ከሥሩ የሁለት እማኞች ስም፤ የእኔና የራሔል። አሮጌውን አነሡና በሞረድ ይፍቁት ጀመር። ቀይ ዱቄት ይረግፋል። ዱቄቱ ምንጣፍ ላይ እንዳይፈስ ጋዜጣ የያዝኩት እኔ ነኝ። ራሔል በስልኳ ትቀርጻለች። ፊደላቱ አንድ በአንድ ጠፉ፣ አበባው ጠፋ፣ እንጨቱ እንደ መዳፍ ልሙጥ ሆነ። እኔ የማስበው ስለሚቀጥለው ቤት ነበር፤ ዘግይቻለሁ። ፈረምኩ።

ሦስታችንም በሊፍት ወጣን። ሃን አዲሱን ከጨርቁ ፈታች፣ ቀለም አስነካች፣ ባዶ ወረቀት ላይ መታች። አራቱ ፊደላት ጥርት ብለው ወጡ። ፊቷ በራ፤ ሁለት እጇን ገጥማ ለጋሽ ደምሴ ጎንበስ አለች። ቀጥላ "አሮጌውስ?" አለች።

ጋሽ ደምሴ አሮጌውን ከወረቀቱ ጋር በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። ሥራቸውን በደንቡ የጨረሱ ሰው ኩራት ነበር ፊታቸው ላይ። ሃን እንጨቱን ገለበጠችው። አውራ ጣቷን ልሙጡ ላይ አስኬደች፤ አንዴ፣ ደግማ፣ ደግማ። ከዚያ፣ "ዛሬ ደክሞኛል" አለችና በሩን ከፈተችልን።

ነገሩን የነገረችኝ ማክሰኞ ነው። ማኅተሙን የቀረጸው ሚን ነበር። በመንደራቸው ገዳም ከአንድ መነኩሴ ቅርጽ ይማር ነበርና፣ ከመሸሻቸው በፊት ለእናቱ የሠራላት የመጀመሪያና የመጨረሻ ሥራው ነው። ከልጇ እጅ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። አዲስ ያሠራችውም አሮጌውን ለማሳረፍ ነው፤ ሳይሰበር ይዛው እንድትሞት። ይህን ለማንም አልነገረችም፤ መንገር ያለባት ነገር መሆኑንም አላወቀችም። ማን ያውቅ ነበር?

ራሔል አትንገሪው፣ ይሞታል ብላኝ ነበር። እሳቸው ግን አይተዋታል፤ ያንን አውራ ጣት አይተዋል። "ምንድነው ያጠፋሁት?" ብለው ያዙኝ። ነገርኳቸው። እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተመለከቱ።

"ልጇን ሁለተኛ ገደልኩባት" አሉ።

"እርስዎ አያውቁም ነበር እኮ ጋሼ።"

"መጠየቅ ነበረብኝ። ለመንግሥት ማኅተም የተሠራውን ሕግ ለእናት ማኅተም አመጣሁት።" ከዚያ ቀን በኋላ መቅረጫዎቹን አልነኩም።

ሊፍት ትተው ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው እየወጡ በሯ ላይ ይቆማሉ። ያንኳኳሉ፤ አትከፍትም። ሲጨንቃቸው እኛ የምናውቀውን መንገድ ያዙ፤ ሽማግሌ ላኩ። ሁለት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድን። ሃን በበሩ ቀዳዳ ስታያቸው ቤት ለቤት የሚዞሩ የመብራት ኮንትራት ሻጮች መስለዋት አልፈልግም አለች። እኔን ስታይ አስገባችን። ሽማግሌዎቹ ወንበር ሲሰጣቸው አልቀመጥ አሉ፤ "ይቅር ካላሉልን አንቀመጥም።" ሃን ግራ ገብቷት ወንበሮቹን በእጇ ጠረገች፤ ቆሽሸው መስሏት ነበር።

የመጡበትን ነገርኳት። "አልተጣላሁትም" አለች። "ግን እጁን ማየት አልችልም።"

እንደዚህ ብዬ መተርጎም አቃተኝ። "ጊዜ ስጡኝ ብላለች" አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ቁጭ አሉና መንደሪን በሉ። ጋሽ ደምሴም ይህንኑ ሰምተው፣ "ጊዜ አላት። እጠብቃለሁ" አሉ። ጊዜ ያልነበራቸው እሳቸው ናቸው። ልባቸው ደክሞ ነበር፤ ደረጃውን መውጣት አቆሙ፤ ራሔል ዓርብም ፈቃድ እየወሰደች መምጣት ጀመረች፤ ቅዳሴም በሳምንት ሳይሆን በወር ሆነ። ሳገኛቸው ስለ ጤናቸው ልጠይቅ ስል እሳቸው ይቀድሙኛል፤ "ካሬው ተመታ?" ይላሉ። ሃን ስሙን መጥራቷን አልተወችም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ካሬዎቹ ባዷቸውን ይታለፉ ነበር። አልተመታም እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ሃን የጫማ ካርቶኖቹን ሁሉ ከፍታለች። ወረቀቶቹ ጠረጴዛውን፣ አልጋውን፣ ወለሉን ሞልተውታል። የምረግጥበት ስላልነበር በር ላይ ቆምኩ።

"ሌሊቱን አየኋቸው" አለችኝ። "እሱ የፋቀው እንጨቱን ነው። ሚን ግን እዚህ ሁሉ ላይ አለ። አየሽ? ይሄ ሁሉ እሱ ነው።" ከዚያ የዕለቱን ወረቀት አሳየችኝ። አዲሱ ማኅተም አንድ ካሬ ላይ ተመቷል፤ ቀለሙ ገና ያበራል። "ለመኔር ደምሴ ንገሪው። ሻይ ልንጠጣ ይምጣ በይው። ዛሬ ካልቻለ ነገ።"

እሺ አልኩና ሊፍት ውስጥ ገባሁ። የእሳቸው ፎቅ ቁጥር ፊት ለፊቴ ነበር። የምድር ቤቱን ተጫንኩ።

ሥራ ነበረብኝ፣ ሰው ይጠብቀኝ ነበር ብዬ ለራሔል ነግሬያታለሁ፤ እውነትም ነው። ግን ሰባት ደቂቃ ነበረኝ። ያላደረግሁት ሌላ ነገር አስቤ ነው። ዕርቅ በኮሪደር አይነገርም አልኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይዤ፣ ኬክ ገዝቼ፣ እሳቸውን ደግፌ አወጣቸዋለሁ፤ በወግ በወጉ ይታረቃሉ አልኩ። ያስታረቀችው እሷ ናት እንድባልም ፈልጌ ነበር፤ ይህንን አሁን ነው የምናገረው። ኬኩን አዝዤ ነበር። መርዶ ቢሆን ኖሮ ሰው ሰብስቤ ሳይነጋ በራቸው ላይ እገኝ ነበር፤ ለመርዶ ማንም አይቀድመንም። የምሥራቹን ግን ለእሑድ አሳደርኩት። እሳቸው ዓርብ ሞቱ።

በማግስቱ ቅዳሜ የሃን ተራ ነበር። በሰው ልለውጥ አስቤ አፈርኩ። ካልሲዋን ይዤ እግሯ ሥር ተንበርክኬ፣ ፊቴን ሳላነሣ፣ መኔር ደምሴ ትናንት ሞቱ አልኳት። መቁጠሪያው እጇ ላይ ቆመ። 

"ማክሰኞ ነግረሽው ነበር?" አለች።

"አዎ።"

"ምን አለ?"

እንደ እሳቸው ለመናገር ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። "ደስ አላቸው" አልኩ። "አለቀሱ። ሻዩን ትንሽ ሲሻለኝ እመጣለሁ አሉ።"

ሃን በእኛ አርባ እንደሚባለው በእነሱ አርባ ዘጠኝ ቀን ለሟች ትጸልያለች። ለጋሽ ደምሴ አዲስ ወረቀት ከፈተችላቸው፤ በየቀኑ ሺህ፣ በየቀኑ አንድ ካሬ፣ እሳቸው በቀረጹት ማኅተም። በየማክሰኞው፣ በየቅዳሜው ደግሞ ያንኑ ታስነግረኛለች። እውነት አለቀሰ? የት ተቀምጦ? መስኮቱ ጋ? እኔም መስኮቱ ጋ እላታለሁ። አርባ ዘጠነኛውን ካሬ የመታችው በእኔ ተራ ነው። ወረቀቱን ለልጁ ስጪልኝ ብላ ሰጠችኝና እግሯን ዘረጋችልኝ።

"ሰምቶ ስለሄደ መንገዱ አይከብደውም" አለችኝ።

ካልሲዋን ወደ ጉልበቷ እየሳብኩ፣ "አዎ፣ ሰምተዋል" አልኳት።